አንድ ሳሎን፣ ሁለት ዓይነት ጆሮ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ሆነው አገኘኋቸው። ጸሐፊዎቹ ወይ የቤት ውስጥ የድምፅ መሣሪያ ፍቅር ይዟቸው ከሙዚቀኛ ጋር የሚኖሩ፣ ወይም ራሳቸው ሙዚቀኛ ሆነው እንዲህ ያለ ፍቅር ካለው ሰው ጋር የተጋቡ ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስላዘለ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 12 ዓመት ሆኖናል። እሷ በኦርኬስትራ ውስጥ ቼሎ ትጫወታለች፤ እኔ ሙያዬ ሌላ ቢሆንም ከወጣትነቴ ጀምሮ ሸክላ እሰበስባለሁ፣ ለማዳመጫ የሚሆነኝን መሣሪያም እየቆጠብኩ አንድ በአንድ አሟልቻለሁ። ስንጋባ፣ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ሙዚቀኛ ከማግባት በላይ ምን መታደል አለ ብዬ ነበር፤ ነገሩ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ሳሎናችን 5 ሜትር ከ25 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው። የሸክላ ማጫወቻዬ፣ አምፕሊፋየሩና ሁለቱ ስፒከሮች ያሉት እዚያ ነው፤ እሷም ጠዋት ጠዋት የምትለማመደው እዚያው ነው። ማታ ከሥራ ስትመለስ ደስ ይላታል ብዬ አንድ ሸክላ ሳስቀምጥ «እባክህ፣ ትንሽ ፀጥታ» ትለኛለች። ባለፈው ወር የስፒከሮቹን ገመድ በተሻለ ቀየርኩና አስቀምጬ አስደመጥኳት፤ ልዩነቱ ይሰማት እንደሆነ ብጠይቃት «ለእኔ ያው ነው» አለችኝ። ይልቁንም እኔ አስቤው የማላውቀውን ነገር አነሣች። አንድ እጅግ የምወደው የቼሎ ሸክላ «ቅኝቱ ከፍ ብሏል» ብላ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ አልቻለችም፤ የቼሎው ወፍራም ክር ደግሞ በእኔ ስፒከሮች ሲሰማ «እንደ ባዶ በርሜል ያጓራል» ትላለች። ይህን ሸክላ ለዓመታት ሳዳምጥ አንድም ቀን ጉድለት ታይቶኝ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኛል። ይህን ፍቅሬን ከእሷ ጋር የምጋራበት መንገድ አለ? ወይስ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ለብቻዬ ብቀመጥ ይሻላል?

የሸክላ ወዳጅ

መልስ፦ ከሸክላው ልጀምር፤ በአንድ ምሽት ተጣርቶ ሊያልቅ የሚችለው እሱ ነውና። ትልልቆቹ ሸክላዎች የተሠሩት በደቂቃ 33⅓ ጊዜ እንዲዞሩ ነው፤ ይህም በ3 ደቂቃ ውስጥ ልክ 100 ዙር ይሆናል። ሸክላው በሚቀመጥበት ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ምልክት ይለጥፉ፤ ከዚያም መርፌው ሸክላው ላይ አርፎ ማጫወቻው ሥራውን እየሠራ ሳለ ሰዓት ይዘው 100 ዙር ይቁጠሩ። መቶው በ180 ሰከንድ ከሞላ ማጫወቻዎ ጤነኛ ነው። በ178 ሰከንድ ከሞላ ግን ከሚገባው ከአንድ በመቶ በትንሹ በለጥ ባለ ፍጥነት ይሮጣል ማለት ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ኖታ የግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) አንድ አምስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ይሰማል። ይህ መጠን ለእርስዎ ምንም ላይመስል ይችላል። ሁሉም ኖታ እኩል አብሮ ስለሚነሣ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት አይዛባም፤ አብዛኞቻችንም ዜማን የምናውቀው በዚያ ርቀት ነው። ባለቤትዎ ግን በየማለዳው የቼሎአቸውን የ«ላ» ክር ከአንድ ቋሚ ድምፅ ጋር እያስማሙ ዓመታት አሳልፈዋል። ያ ድምፅ በጆሮአቸው ብቻ ሳይሆን በግራ እጃቸው ጣቶችም ላይ ሰፍሯል። በቃላቸው የሚያውቁት ሥራ ከቦታው ከፍ ብሎ ሲጀምር ጣታቸው አንድ ቦታ፣ ጆሮአቸው ሌላ ቦታ ይሆንባቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ነገር እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ማዳመጥ ለእሳቸው ድካም ነው።

የፈጠነ ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ያለ ብዙ ወጪ ይታረማል፤ አንዳንዱ ፍጥነቱን የሚያስተካክሉበት ጉብታ አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሞተሩ አጠገብ በትንሽ መፍቻ የሚዞር ብሎን አለው። ቆጠራው ማጫወቻው ልክ መሆኑን ካሳየዎት ጥፋቱ ከቀረጻው ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ እጅግ ከተደመጡት የጃዝ ሥራዎች አንዱ የሆነው፣ ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ»፣ የመጀመሪያ ገጹ ሦስት ሙዚቃዎች ሲቀረጹ ቴፑ ዝግ ብሎ ይዞር ስለነበር፣ በኋላ በመደበኛው ፍጥነት ሲጫወት ፈጥኖ፣ ከእውነተኛው ቅኝት ከፍ ብለው ለሕዝብ ደርሰው ነበር፤ በትክክለኛው ፍጥነት የታተሙት ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው። ከዚህም ሌላ ኦርኬስትራዎች ሁሉ በአንድ ልክ አይቃኙም። ዓለም አቀፉ መለኪያ «ላ»ን 440 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 440 ርግብግብታ፣ ላይ ያስቀምጠዋል፤ 442 ወይም 443 ላይ የሚቃኙም ግን አሉ። ስለዚህ ባለቤትዎ «ከፍ ብሏል» ሲሉ የሰጡዎት የስሜት አስተያየት አይደለም፤ በቁጥር ሊረጋገጥ የሚችል ልኬት ነው። ቆጠራውን አብራችሁ አድርጉት፤ አንዳችሁ ሰዓቱን ያዙ፣ አንዳችሁ ዙሩን ቁጠሩ። ማጫወቻው ፈጥኖ ከተገኘም «ልክ ነበርሽ» የሚለውን ቃል ሳይሸራርፉ ይበሉት።

«እንደ ባዶ በርሜል ያጓራል» የተባለውም ከገመድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ደግሞ፣ ከክፍሉ ርዝመት ጋር ልክ የሚገጥሙ ጥቂት ወፍራም ድምፆች ይኖራሉ፤ እነሱም ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ከሌሎቹ ይልቅ ያብጣሉ። የሳሎንዎን ርዝመት ሳነብ እርሳስ አንሥቼ አሰላሁት። 343ን በ5.25 ሲያካፍሉ 65 ኸርዝ ግድም ይመጣል። የቼሎ ወፍራሙ ክር፣ «ዶ»፣ ጣት ሳይጫነው በደጋን ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ደግሞ 65.4 ኸርዝ ነው። ሳሎንዎ በባለቤትዎ ወፍራም ክር ልክ የተቃኘ ነው ማለት ይቻላል። ስፒከሮቹ ጥግ ላይ ከተደረጉ ነገሩ ይብሳል፤ ለስፒከር ቅርብ የሆነ እያንዳንዱ ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሊጨምርበት ይችላልና። ምንጣፍ መደረብ እዚህ ላይ አይረዳዎትም። ምንጣፍ የሚውጠው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ የ65 ኸርዝ ሞገድ አንዱ ብቻ ከ5 ሜትር ይበልጣል፣ ምንጣፉን ሳያውቀው ያልፋል።

ይህን ለባለቤትዎ ማስረዳት አይከብድዎትም፤ ምናልባትም ከእርስዎ ቀድመው ይረዱታል። ቼሎ ተጫዋቾች «ተኩላ» የሚሉት ችግር አለ። የመሣሪያው እንጨት በራሱ ጊዜ በሚርገበገብበት ኖታ ላይ ሲደርሱ ክሩና እንጨቱ ይጣላሉ፣ ድምፁም ይንቀጠቀጥና ያጉረመርማል። ተጫዋቹ ያንን ኖታ በሁለት ጉልበቶቹ መካከል መሣሪያውን ጨበጥ በማድረግ፣ የደጋኑን ጫና በመለዋወጥ፣ አንዳንዴም ከክሩ ላይ ትንሽ ብረት በማሰር ያረግበዋል። ክፍልም የራሱ ተኩላ አለው። አንድ ከሰዓት ባለቤትዎ ስፒከሮቹ ካሉበት ግድግዳ አጠገብ ተቀምጠው ወፍራሙን ክር ዝግ ባለ ረጅም ደጋን እንዲጫወቱ ይለምኗቸው፤ እርስዎ ደግሞ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ቀስ እያሉ ይራመዱ። በክፍሉ ርዝመት መሃል ላይ ድምፁ ደረትዎን ሲገፋዎት ይሰማዎታል፤ ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ከ30 ያህል ርቀው ሲቆሙ፣ ያው ክር፣ ያው እጅ፣ ድምፁ እንደሳሳ ሆኖ ያገኙታል። ከኋላ ግድግዳ የርዝመቱን ሲሶ ያህል፣ ማለትም 1 ሜትር ከ75 ገደማ ርቆ የተቀመጠ ወንበር ብዙ ጊዜ የሁለቱ አስታራቂ ይሆናል፤ የመጨረሻውን ጥቂት ሴንቲሜትር ግን ጆሮ ይወስን። ከዚያም ቦታ ይቀያየሩ፤ ወንበሩ የት ቢሆን ለልምምዳቸው እንደሚመች እሳቸው ይንገሩዎት። ያ በርሜል ጠዋት ጠዋት ልምምዳቸውንም ሲረብሽ የኖረ ሊሆን ይችላል።

ስለ ገመዱ ግን ከባለቤትዎ ጎን እቆማለሁ። ለጥቂት ሜትር ርቀት በቂ ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ ካለዎት፣ ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ በጆሮ የሚሰማ ነገር አይገዛም። እርስዎ ልዩነት ሰምተው ይሆናል፤ የሰሙትንም አልጠራጠርም። ነገር ግን ሁለት ድምፆች ሲወዳደሩ አንዱ በአንድ ዴሲቤል እንኳ ከበለጠ ጆሮአችን «ይህኛው ጮኸ» አይልም፤ «ይህኛው ጠራ» ይላል። ለገመዱ የከፈለውና የቀየረው ሰው ደግሞ የትኛው አዲሱ እንደሆነ ስለሚያውቅ ፍርዱ ነጻ አይሆንም። ልዩነቱን በእውነት ማጣራት ከፈለጉ ሁለቱን ድምፆች በመለኪያ እኩል አድርገው፣ የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ያስደምጡ። ያ ሰው ግን ባለቤትዎ ባይሆኑ እመርጣለሁ። ጆሮአቸው እንጀራቸው ነው። ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ድምፅ ከራሳቸው ጋር ሲያስማሙ፣ ሲያርሙና ሲታረሙ ውለው ሲመጡ፣ ሳሎን ውስጥ ሌላ ፈተና ተዘርግቶ መጠበቅ የለበትም። ሐኪም ያገባ ሰው በየማታው ጉሮሮውን ከፍቶ አይቀበለውም።

የማታውን ፀጥታም በዚሁ ዓይን ቢያዩት ደስ ይለኛል። ከኋላ መለከቱ፣ ከጎን ከበሮው በሚያስተጋባበት ቦታ ሰዓታት የዋለ ጆሮ ይደክማል፤ ለጊዜው ፈዘዝ ሊልም ይችላል፤ የሚያድሰው ፀጥታ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ሙዚቃ ለሙዚቀኛ ከበስተጀርባ የሚሰማ ነገር አይሆንም። እርስዎ እየሰሙ ማሰብ፣ ማንበብ፣ ማውራት ይችሉ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ሳይፈልጉ ምቱን ይቆጥራሉ፣ ቅኝቱን ይመዝናሉ፣ የትንፋሹን ቦታ ይጠብቃሉ። ስለዚህ በእነዚያ ምሽቶች የጆሮ ማዳመጫዎን ማድረግ ቅጣት ወይም ሽንፈት መስሎ አይታይዎት፤ ለእሳቸው የሚያደርጉት አንድ መልካም ነገር ነው። ለአብሮ ማዳመጥ የሚሆነው ሰዓት ሌላ ነው። ባለቤትዎ ሥራ በሌላቸው ቀን፣ ረፋድ ላይ ወይም እሳቸው በመረጡት ጊዜ፣ አንድ ሥራ ብቻ፣ እሳቸው የመረጡት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልንገርዎት። ባለቤቴ ፒያኖ ይጫወታል፤ እኔ ድምፅ በመቅረጽ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። አንድ ጊዜ ዓመት ሙሉ ቆጥቤ ስፒከሮች ገዛሁና፣ አስተካክዬ አስቀምጬ፣ አንድ የፒያኖ ቀረጻ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ሲያዳምጥ ሳየው ልቤ ሞላ። ጥቂት ቆይቼ እጁን አየሁት። የግራ እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ አንድ ቦታ ሲደርስ የቀለበት ጣቱ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሞከረ። ቀረጻው ሲያልቅ ዓይኑን ገልጦ «እዚህ ቦታ ላይ እኔ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ» አለኝ። ስለ ስፒከሮቹ አንድም ቃል አልተናገረም። ያን ምሽት አዝኜ ነበር። ውሎ አድሮ የገባኝ ግን፣ ያ ሰው ያን ያህል ወደ ሙዚቃው ሊገባ የቻለው መሣሪያው በመንገዱ ላይ ስላልቆመበት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ «እንዴት ይሰማል?» ብዬ አልጠይቀውም፤ «እዚህ ጋ ፒያኖ ተጫዋቹ ምን አደረገ?» እለዋለሁ። እሱም ይነግረኛል፤ አንዳንዴ ተነሥቶ ፒያኖው ላይ ያሳየኛል፤ በሥራዬ ስንት ዓመት ቆይቼ ያልሰማሁትን ነገር በዚያ መንገድ ሰምቻለሁ።

እርስዎም ለባለቤትዎ የሚሰጡት ነገር አለዎት፤ ይህን ልብ ያላሉት ይመስለኛል። ባለቤትዎ ቼሎን የሚሰሙት ከክንድ ባነሰ ርቀት ነው፤ የመሣሪያው ጀርባ ደረታቸው ላይ ተደግፎ፣ ጎኑ ጉልበታቸውን እየነካ ነው። ኦርኬስትራውን የሚሰሙትም ከውስጡ ሆነው ነው። እርስዎ የሚያውቁትን፣ አድማጭ ከፊት ተቀምጦ ቫዮሊኑ ከግራ ቼሎው ከቀኝ ሲመጣ የሚሰማውን ድምፅ፣ እሳቸው በሥራ ላይ ሆነው አያገኙትም። ስቴሪዮ የተፈጠረው ያንን የፊት ወንበር ወደ ቤት ለማምጣት ነው። ሁለቱን ስፒከሮችና አድማጩን እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን አድርገው ሲያስቀምጡ ያ ወንበር ሳሎንዎ ውስጥ ይገኛል። ችግሩ ወንበሩ አንድ መሆኑ ነው፤ ከመሃል ፈቀቅ ላለ ሰው ድምፁ ወደ ቀረበው ስፒከር ይወድቅበታል። ጎን ለጎን ለመቀመጥ ከፈለጋችሁ ስፒከሮቹን ወደ ውስጥ ጠበቅ አድርገው ያዙሯቸው፤ የሁለቱ አቅጣጫ ከእናንተ ፊት፣ አንድ ክንድ ያህል ቀድሞ ይሻገር። ያኔ በግራ የተቀመጠው ሰው ቅርቡ ስፒከር ከእሱ ዘወር ያለ፣ ሩቁ ደግሞ ፊት ለፊት የሚያየው ስለሚሆን ሁለቱ ይመጣጠኑለታል፤ በቀኝ ያለውም እንዲሁ። ፍጹም ባይሆንም ለሁለት ሰው ይበቃል። ባለቤትዎ ለቀጣዩ ዝግጅት የሚያጠኑት ሥራ ካለ፣ የሁለት የተለያዩ ተጫዋቾች ቀረጻ ፈልገው ያምጡና የተሻለውን ወንበር ለእሳቸው ለቀው አብረው ያዳምጡ።

ጥያቄ፦ ቫዮሊን እጫወታለሁ፣ አስተምራለሁም። ባለቤቴ ሙዚቃ የሚያዳምጠው ግድግዳው እስኪነዝር ከፍ አድርጎ ነው። ዝቅ አድርግልኝ ስለው «ዝቅ ሲል ሙዚቃው ይሞታል» ይለኛል። ስለ ጆሮዬ እሠጋለሁ፤ እያጋነንኩ ይሆን?

መልስ፦ አላጋነኑም። በአሜሪካ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤና ተቋም ምክር መሠረት አንድ ሰው 85 ዴሲቤል በሆነ ድምፅ ውስጥ መቆየት የሚገባው በቀን ከ8 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። እርስዎ ደግሞ ወደ ቤት የሚገቡት ከቀኑ ድርሻ ብዙውን ጨርሰው ነው። ቫዮሊን ከግራ ጆሮ ሥር ተይዞ ጠንክሮ ሲጫወት ከ85 ዴሲቤል ያልፋል፤ የቫዮሊን ተጫዋቾች ግራ ጆሮ ከቀኙ ቀድሞ የሚጎዳውም ለዚህ ነው። ባለቤትዎ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚያዳምጡት ቢባል እንኳ፣ ያ ሰዓት በእርስዎ ቀን ላይ ይደመራል እንጂ ለብቻው አይቆጠርም።

ባለቤትዎ ግን ሐሰት አልተናገሩም፤ ይህን ብትረዱላቸው ክርክሩ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ በጠቅላላው ሲቀንስ ጆሮአችን ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አብልጦ ያጣዋል። ሙዚቃ ዝቅ ሲል መሠረቱ የተነቀለ የሚመስለው ለዚህ ነው። አምፕሊፋየራቸው ላይ በዝቅተኛ ድምፅ ጊዜ ባሱን የሚያነሣ ማብሪያ ወይም የባስ ማስተካከያ ካለ፣ ሳይሸማቀቁ ይጠቀሙበት። ብዙ የድምፅ አፍቃሪዎች ማስተካከያ መንካትን እንደ ነውር ይቆጥሩታል፤ እኔ አልስማማም። ሁለተኛው ነገር ወደ ስፒከሮቹ መቅረብ ነው። ከ3 ሜትር ወደ 1 ሜትር ተኩል የቀረበ ሰው ቁልፉን ብዙ ዝቅ አድርጎ ያንኑ ሙላት ያገኛል፤ በሌላው ክፍል ላሉት ለእርስዎም ትልቅ እረፍት ይሆናል። የድምፅ መጠን የሚለካ የስልክ መተግበሪያ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ባይሆንም ግምት ለመያዝ ይጠቅማል፤ ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው አንድ ላይ ይዩት። ከ75 እስከ 80 ዴሲቤል መካከል ያለ ድምፅ ለሳሎን ሙሉ ነው። ጆሮዎ ከልምምድ በኋላ የሚጮህ፣ ወይም ቀጫጭን ድምፅ የሚያስቸግረው ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደው ይመርመሩ። ለሙዚቀኞች ተብለው የሚሠሩ፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም እኩል የሚቀንሱ የጆሮ መድፈኛዎች መኖራቸውንም ይጠይቋቸው፤ በልምምድ ላይ የሚያድኑት ለማታ ይተርፍዎታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ክላርኔት ይጫወታል። ሲለማመድ ሳያውቅ ቀርጬ፣ ለልደቱ በትልልቆቹ ስፒከሮች አሰማሁት። ይደሰታል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ተለወጠና አጥፊው አለኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሐሳብዎ የፍቅር መሆኑን እሳቸውም ሳያውቁት አይቀሩም። ነገር ግን ልምምድ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው። ሙዚቀኛ ሲለማመድ መልካሙን እየደጋገመ አይደለም፤ የተበላሸውን እየፈለገ ነው። ማንም እንደማይሰማው አምኖ ያደረገውን ነገር በድንገት ሳሎን ሞልቶ ሲሰማ ያፍራል። ከዚህም ሌላ ክላርኔት የሚጫወት ሰው የራሱን ድምፅ በአየር ብቻ አይሰማም፤ የመሣሪያው አፍ ከላይኛው ጥርሱ ጋር ስለሚነካካ ርግብግብታው በራስ ቅሉ በኩል ወደ ጆሮው ይደርሳል። የራሳችንን ንግግር ተቀርጾ ስንሰማው «ይህ የኔ ድምፅ ነው?» እንደምንለው ሁሉ፣ እሳቸውም የሰሙት ለዓመታት የእኔ ብለው የያዙትን ድምፅ አይደለም።

ቀረጻውን ያጥፉትና ማጥፋትዎን ይንገሯቸው። እሳቸው ፈቅደው ሌላ ጊዜ ልትቀርጹ ብትስማሙ ደግሞ ማይክሮፎኑን ከክላርኔቱ የታችኛው አፍ ፊት አይደቅኑት። የክላርኔት ድምፅ ብዙው የሚወጣው ከጣት ቀዳዳዎቹ ነው፤ ስለዚህ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ርቀው፣ ከመሣሪያው ከፍ አድርገው፣ ወደ መሃሉ አነጣጥረው ያስቀምጡት። በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ ድምፁን በራሱ ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን አሠራር ያጥፉት፤ ክላርኔት ከምንም ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚያድግ ድምፅ መስጠት የሚችል መሣሪያ ነው፣ ያ አሠራር ደግሞ ያንን እድገት ጠፍጥፎ አንድ ወጥ ያደርገዋል። መቅረጫውን የሚያበሩትና የሚያጠፉት እሳቸው ይሁኑ። መጀመሪያም ለብቻቸው፣ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት፤ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄደው እሳቸው ይሂድ ያሉት ብቻ ነው።